ሁለተኛዋ ክኒን

ስልኩ የጮኸው ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነው። ኮምቦልቻ ክሊኒኬ ውስጥ ጆሮውን የታመመ ልጅ እያየሁ ነበር፣ ልጁ አላሳይም ብሎ እናቱ ጉያ ውስጥ ገብቷል፣ እኔም በአንድ እጄ የጆሮ ማያውን እንደያዝኩ በሌላው አነሳሁት። የማላውቀው ቁጥር ነው። "ዶክተር፣ ለእኚህ አባት ምንድነው የሰጠሻቸው? ስንት ሚሊግራም? በስንት ሰዓት?" አለኝ አንድ ወንድ፣ ሰላምታ የለ ምን የለ። ከኋላው ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ማሽን ጢጥ ጢጥ ሲል ይሰማኛል፣ ድምፁ ደግሞ እየወፈረ እየወፈረ ነው የሚሄደው። ሆስፒታል ውስጥ የሠራ ሰው ይሄን ነገር ያውቀዋል፤ ማሽኑ የተሠራው የታማሚው ኦክስጅን ሲወርድ ድምፁም አብሮ እንዲወርድ ነው፣ ስክሪኑን ሳታዩ ጆሯችሁ ይነግራችኋል። ለእኔም ደሴ ላይ ያለ ሰው ኦክስጅን ሲወርድ ኮምቦልቻ ቁጭ ብዬ ሰማሁት።

"ዲያዜፓም፣ ባለ 5 ሚሊግራም" አልኩት። ከዛ "አንድ" ልል ስል ምላሴ ተያዘ፣ ምክንያቱም አንድ አልነበረም የጻፍኩት፣ ሁለት ነው። ሁለተኛዋን ለምን እንደጻፍኳትም ያኔውኑ ትዝ አለኝ።

አባባ ዛሬ ደህና ናቸው (ስማቸውን አልጠራም፣ አባባ ነው የምላቸው)፣ ስለዚህ እየተጨነቃችሁ አታንብቡ። ግን ነገሩ ካለፈ ወራት ሆኖትም ከእኔ አልወጣም። ማታ ማታ ይመጣብኛል፣ ለዛ ነው የምጽፈው።

አንዷ ለመጠባበቂያ

አባባ የ71 ዓመት የፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው። ጨጓራቸውን አሟቸው ምግብ አልወርድ ብሏቸው ኪሏቸው ቀነሰ፣ በዛ ዕድሜ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ዝም ተብሎ በሽሮፕ አይታለፍምና በካሜራ ይታዩ ብዬ ደሴ ሪፈር ጻፍኩ። ሄዱ። ቱቦው ገና ጉሮሯቸው ጋ ሲደርስ በእጃቸው ይዘው አወጡት፣ አልቻሉም፣ ሌላ ቀጠሮ ተሰጣቸውና ተመለሱ። እዛ ያለው ባለሙያም ለልጃቸው "በሚቀጥለው ሲመጡ የሚያረጋጋ ነገር ወስደው ይምጡ፣ የላከቻችሁ ሐኪም ትጻፍላችሁ" ብሎ የቀጠሮ ካርዱ ጀርባ ላይ "ዲያዜፓም" ብላ የምትነበብ አንዲት ቃል ጫረባት። ዶዝ የለ፣ ፊርማ የለ።

ልጃቸው ያቺን ካርድ ይዛ ቅዳሜ ጠዋት መጣች። ኮሪደሩ ሞልቷል። ቤተሰቡን አውቃቸዋለሁ፣ ልጆቿን ያከምኩት እኔ ነኝ፣ በዒድ ቀን ምግብ ልካልኝ ታውቃለች። "ዶክተርዬ፣ ይቺን ብቻ ጻፊልኝና ልሂድ" አለችኝ። እኔም በሆዴ ያልኩት፣ ለአንዲት ክኒን ብዬ እንደገና ደሴ ድረስ ልስደዳቸው እንዴ? የሚኒባሱ ብር፣ የልጅቷ የሥራ ቀን፣ ሽማግሌው ደግሞ ሀረጎን በወጡ ቁጥር ወገባቸው ነው የሚያማቸው። ደግሞም ዲያዜፓም ነው እኮ፣ ከ1963 ጀምሮ ዓለም የዋጠው መድኃኒት። ስለዚህ ጻፍኩ።

ማዘዣ ወረቀቷ አሁንም ፊቴ ላይ ትመጣለች። ዲያዜፓም በተራ ማዘዣ አይጻፍም፣ የራሱ ልዩ ወረቀት አለው፣ ቀሪው እኛ ጋ ይቀመጣል። የታማሚ ስም፣ ፆታ፣ ዕድሜ፣ ክብደት፣ ካርድ ቁጥር፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር ሳይቀር ይሞላል። የበሽታው ዓይነት የሚለው ላይ "ጭንቀት" ብዬ ጻፍኩ። የሐኪም ስም፣ ፊርማ፣ ማህተም። ሁሉንም በትክክል ሞላሁ፣ ማንም ኢንስፔክተር ቢመጣ እንከን አያወጣላትም። "ከምርመራው 1 ሰዓት በፊት" ብዬም ጻፍኩ። ብዛት፣ 2። ለምን ሁለት? አንዷ ብትጠፋ፣ አንዷ ብትወድቅ፣ ቀጠሮው ቢተላለፍ ብዬ። ለመጠባበቂያ። ልጅቷ ድጋሚ እንዳትመላለስ አዝኜ ነው።

ያልጠየቅኩትን ልንገራችሁ። ሌላ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ አላልኳትም። ሲተኙ ያንኮራፋሉ ወይ፣ ትንፋሻቸው ይቆረጣል ወይ አላልኩም። አባባን ራሳቸውን እንኳ አላየኋቸውም፣ ቤት ነበሩ። ለሆስፒታሉም "እንዲህ ያለ መድኃኒት ሰጥቻለሁ" የሚል ሁለት መስመር ደብዳቤ አልጻፍኩም፣ ምክንያቱም እነሱ ናቸው ያዘዙት፣ ያውቃሉ ብዬ።

ቀኑ እንዴት እንደዋለ

ልጅቷ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ቀጠሮው ሦስት ሰዓት ነበር። አንድ ሰዓት በፊት ተብሏልና ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠው አባባ ቢስሚላህ ብለው በአንድ ጉንጭ ውሃ ዋጧት። ሚኒባሱ እስኪሞላ ትንሽ ቆየ፣ ሀረጎ ሲደርሱ ልጃቸው ትከሻ ላይ ተኝተዋል። ደሴ ሲደርሱ ደግፋ አወረደቻቸው። ሰልፍ፣ ካርድ ማውጫ፣ ክፍያ። ከዛ መብራት ጠፋ፣ መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ከእሳቸው በፊት ደም እያስመለሰው የመጣ ድንገተኛ ታማሚ ገባ፣ እሱም ተገቢ ነው ማንም አይቃወምም። ስድስት ሰዓት ሆነ።

ስድስት ሰዓት ላይ አባባ ነቁ። ነቁና ፍርሃቱ ተመልሶ መጣ፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ "ልጄ እንሂድ፣ ይቅርብኝ" አሉ። ልጅቷ ቦርሳዋ ውስጥ ሁለተኛዋ ክኒን አለች። መድኃኒቱ አለቀ ማለት ነው ብላ አሰበች፣ ማንም ሰው ቢሆን እንደሱ ነው የሚያስበው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰጠቻቸው። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተጠሩ። ውስጥ ያለችው ሲስተር ካርዳቸው ላይ "ባለፈው አልቻሉም" የሚለውን አየች፣ እንደ አሠራራቸውም በደም ሥር ሚዳዞላም የሚባል የዲያዜፓም ዘመድ የሆነ የሚያስተኛ መድኃኒት ሰጠቻቸው። ልጅቷ ውጭ ናት። ክኒን ወስደዋል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም፣ ልጅቷም እነሱ ራሳቸው ያዘዙትን አያውቁም ብላ አልጠረጠረችም።

ወገባቸው እንደሚያማቸው ነግሬያችኋለሁ አይደል። ለካ ለወገባቸው ከሌላ ቦታ ትራማዶል የሚባል ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ታዞላቸው ማታ ማታ ይውጡ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ባልጠየቅኩት ጥያቄ ውስጥ የነበረው መልስ እሱ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፣ አባባ ግን የደበቁት ነገር አልነበረም፣ የጠየቃቸው ሰው ነው ያልነበረው።

ኦክስጅናቸው 74 በመቶ ድረስ ወረደ። ሲስተሯ ማሽኑን በጆሮዋ ነው የሰማችው፣ ቱቦውን አስወጥታ አገጫቸውን ወደ ላይ ገፋች፣ ኦክስጅን ከፈቱ፣ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) አየር ሰጡ። ዲያዜፓምንና ሚዳዞላምን የሚያረክስ ፍሉማዜኒል የሚባል መርፌ አለ፣ ያን ቀን እዛ አልነበረም። ስለዚህ ያላቸው እጃቸው ብቻ ነው፣ እየነፉላቸው መድኃኒቱ ቀለል እስኪል ጠበቁ። እኔ ጋ የተደወለው በዚህ መሀል ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎሜትር ያህል ነው።

አለቀ የሚመስለው መድኃኒት

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም የልጅቷን ስህተት እኔ ራሴ በእሷ ቦታ ብሆን አልሠራውም ነበር ወይ ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ዲያዜፓም ስብ ይወዳል። ከተዋጠ በኋላ በደም ሄዶ ቶሎ ጭንቅላት ውስጥ ይገባል፣ ሰውየው ይረጋጋል ይተኛል፣ ከዛ ደግሞ ከጭንቅላት እየወጣ ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ይበተናል። ያኔ ሰውየው ይነቃል። አለቀ ትላላችሁ። አላለቀም፣ ቦታ ነው የቀየረው። ከሰውነት ግማሹ ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ በዕድሜ ይረዝማል፣ ተማሪ እያለን የምንይዛት ግምት አለች፣ የሰውየው ዕድሜ ስንት ዓመት ከሆነ ግማሹ ለመውጣት ያንን ያህል ሰዓት አስቡ ትላለች። የ71 ዓመት ሰው ማለት ወደ 70 ሰዓት፣ ወደ ሦስት ቀን ገደማ። ሰኞ የዋጧት ክኒን ግማሿ ሐሙስም ውስጣቸው አለች ማለት ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለተኛዋ የመጀመሪያዋ ላይ ተደረበች፣ በሁለቱ ላይ ሚዳዞላም፣ ከሥር ደግሞ ትራማዶል። እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ቢሆኑ ምንም ላይሉ ይችሉ ነበር፣ ተደምረው ግን አንጎል ለሳንባ "ተንፍስ" የሚለውን ትእዛዝ ያዳክማሉ።

ደግሞ ደሴ ናት። ከኮምቦልቻ ወደ 600 ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ ነው የምትደርሱት፣ አየሩ ራሱ ሳሳ ይላል። ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም፣ ትንፋሹ ለተዳከመ ሽማግሌ ግን ያቺም ቢሆን ከመጠባበቂያው ላይ የተቀነሰች ናት።

ማን ነው የሚጠብቃቸው

የመጀመሪያው ሳምንት በጣም ተናድጄ ነበር። ያዘዙት እነሱ፣ ያልጠየቁት እነሱ፣ ደውለው የሚጮሁት እኔ ላይ። ቆይቼ ደግሞ በራሴ ተናደድኩ፣ ፊርማው የማነው? የእኔ። "ሌላ ሰው ጻፊ አለኝ" የሚባል ነገር በእኛ ሙያ የለም፣ የፈረመ ነው የሚጠየቀው፣ ይሄን ከኢንተርንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚል ተረት አለን። እኛ ሁለት ባላ ነበርን፣ የኮምቦልቻው ባላ የደሴው ይዞታል ብሎ፣ የደሴው ባላ የኮምቦልቻው ይዞታል ብሎ፣ አባባ መሀል ላይ ምንም ሳይዛቸው ተንጠልጥለው ነበር።

ይሄ የእኛ ብቻ ችግር እንዳልሆነ ሳነብ ነው የገባኝ። እንግሊዝ አገር የቤተሰብ ሐኪሞች ስንት ጊዜ የሚከራከሩበት ጉዳይ ነው፣ ኤምአርአይ ውስጥ መግባት የሚፈራ ታማሚ ሆስፒታሉ "ሐኪምህ ጋ ሂድና የሚያረጋጋ ያዝልህ" ብሎ ይመልሰዋል፣ ሐኪሞቹም ይሄ የሆስፒታሉ ሥራ ነው ይላሉ። እነሱ ጋ ስልኩም ኮምፒውተሩም ፍሉማዜኒሉም ሞልቶ ነው የሚከራከሩት፣ እኛ ጋ ደግሞ ካርድ ጀርባ ላይ በተጫረች ቃል ነው የምንነጋገረው።

ከሁሉ የቀየረችኝ ግን የአሜሪካ የአኔስቴዥያ ሐኪሞች ማኅበር በ1999 ካወጣው ነገር ውስጥ ያለች ሐሳብ ናት። ሴዴሽንን፣ ሰውን በመድኃኒት ማረጋጋትን ወይም ማስተኛትን ማለት ነው፣ በደረጃ ይከፍሉታል፣ ከቀላል መረጋጋት ጀምሮ ሙሉ ማደንዘዣ ድረስ፣ ግን በደረጃዎቹ መሀል አጥር የለም ይላሉ፣ ሰው አንዱን አስባችሁ ሰጥታችሁት ወደሚቀጥለው ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱን የሚሰጠው ሰው፣ ታማሚው እሱ ካሰበው በላይ ቢጠልቅበት መልሶ ሊያወጣው የሚችል መሆን አለበት። ይቺን ሳነብ ቁጭ አልኩ። አባባ ሲጠልቁ እኔ የት ነበርኩ? የልጅ ጆሮ እያየሁ። የእሳቸውን አገጭ መግፋት አልችልም፣ ኦክስጅን መክፈት አልችልም፣ ማሽኑ ሲወፍር መስማት ብቻ ነው የቻልኩት። ማዘዣ ወረቀቷ ላይ የቤት ቁጥር የሚሞላበት መስመር አለ፣ "ይሄን መድኃኒት ሲወስዱ አጠገባቸው ሆኖ ትንፋሻቸውን የሚያየው ማነው" የሚል መስመር ግን የለም። እኔ አሁን የማምነው መጻፍ ያለበት ለዛ መስመር ስሙን ሊሰጥ የሚችለው ሰው ነው ብዬ ነው። መርማሪው ክፍል። ተራው መቼ እንደሚደርስ የሚያውቀው እሱ ነው፣ ማሽኑ ያለው እሱ ጋ ነው፣ ቀጠሮው አምስት ሰዓት ያህል ከዘገየ ክኒኗንም ያንኑ ያህል ማዘግየት የሚችለው እሱ ብቻ ነው።

ደሴ ለሚሠራ አንድ የድሮ ክላስሜቴ ይሄን ስለው ቅር አለው። "እኛ ጋ ያለውን ሰልፍ አይተሽዋል? ለአንድ ክፍል አንድ ነርስ ናት፣ ሁሉን ተኝቶ ተነሥቶ እስኪሄድ የት አስቀምጠን ነው የምንጠብቀው?" አለኝ። እውነቱን ነው። አልጋው የለም፣ ሰው የለም። ግን ወንድሜ፣ እናንተ ጋ አልጋ ስለሌለ ሚኒባስ ውስጥ ይተኙ ማለት እኮ ነው። እሱም ወዲያው "አንቺስ ታዲያ እጅሽን ልትታጠቢ ነው?" አለኝ፣ ይሄኛው ጥያቄ ግን ተገቢ ነበር፣ ዝም ብዬ አሰብኩበት። አይ፣ አልታጠብም። የእኔ ድርሻ ሌላ ነው፣ እሳቸውን የማውቃቸው እኔ ነኝ፣ ምን እንደሚወስዱ፣ ሲተኙ እንደሚያንኮራፉ፣ ሳንባቸውን ኩላሊታቸውን፣ ይሄን ጽፎ መላክ የእኔ ግዴታ ነው። ቅዳሜ ዕለት ግን የእነሱን ሥራ ሠራሁና የራሴን ተውኩት።

የአውራ ጣት

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የሄድኩት፣ በመንገድ ላይ የምለውን ሳጠና ነበር። ቡና ተፈልቷል። አባባ ፍራሹ ላይ ደገፍ ብለው "ነይ ልጄ፣ አብሽሪ፣ አልሃምዱሊላህ ይኸው ደህና ነኝ" አሉኝ ገና አፌን ሳልከፍት። ልጅቷም "አንቺ ምን አጠፋሽ፣ እኔ ነኝ የደገምኩላቸው" ብላ እንባዋ መጣ። ወራት ሙሉ የከበደኝ ይሄ ነው። እሷ ጥፋቱን ተሸክማው ነበር የሰነበተችው፣ እኔ ለመጠባበቂያ ብዬ ቦርሳዋ ውስጥ ያስገባሁላትን ክኒን። አይደለም አልኳት፣ ሁለት የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ መቼ እንደማይደገም ያልነገርኩሽም እኔ ነኝ። አመነችኝ ብዬ አላስብም።

ከዛ አባባ የቀኝ አውራ ጣታቸውን አወጡና ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። "እዛ ቀን ስመለስ ይቺ ጣቴ ቀለም ነበረባት" አሉኝ። "ሦስት ቀን አልለቀቀም። ምን ላይ ነው የፈረምኩት?"

የስምምነት ወረቀት ላይ ነው። ምርመራው ምን እንደሆነ፣ ምን ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል ተነግሮኝ ተስማምቻለሁ የሚለው ላይ። ከሁለተኛዋ ክኒን በኋላ ነው ያስፈረሟቸው። ዲያዜፓም ደግሞ የሚያረጋጋ ብቻ አይደለም፣ ያ ሰዓት እንዳይታወስም ያደርጋል። ሰውየው ቁጭ ብለው እሺ ብለዋል፣ ጣታቸውን ዘርግተዋል፣ ግን የሉም። ይሄን እኔ አስቤው አላውቅም ነበር፣ ስለ ትንፋሽ ብቻ ነበር የማስበው። ክኒኗን ቤት ወስደው ይምጡ ስንል እኮ ሰውየው ጥያቄ መጠየቅ የማይችል ሆኖ ይምጣ ማለታችን ነው።

"ምርመራው ስንት ደቂቃ ነው የሚፈጀው ብዬ ልጠይቃቸው ነበር" አሉኝ ቀጥለው፣ "ሰዓታት የሚፈጅ መስሎኝ ነው የፈራሁት።" ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ነው። ይሄን ማንም አልነገራቸውም፣ እኔም ሪፈር ስጽፍ አልነገርኳቸውም።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲሄዱ ምንም ሳይወስዱ ሄዱ፣ ጉሮሮ የሚያደነዝዝ ስፕሬይ ብቻ ተረጨላቸው፣ ያቺው ሲስተር አጠገባቸው ቆማ እጃቸውን ይዛ "አሁን ደረሰ፣ አሁን ግማሽ ሆነ" እያለች ነው የጨረሱት። ጨጓራቸው ላይ ቁስለት ነበር፣ ክፉ ነገር አልተገኘም፣ መድኃኒት ወስደው ዳኑ። ሁሉም ሰው እንዲህ ይችላል እያልኩ አይደለም፣ የማይችል አለ፣ ለእሱ ሴዴሽን መብቱ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት እናት የሦስት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ጭንቅላቱን ሲቲ ስካን ሊነሣ ደሴ ቀጠሮ አለው፣ "ተኝቶ ይምጣ ብለውኛል፣ የሚያስተኛ ሽሮፕ ጻፊልኝ" አለችኝ። ልጁ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ስቴፕለር እየነካካ ነው። እኔ ፊት የመጣብኝ ሚኒባሱ ነው፣ የኋላ ወንበር፣ ልጅ እናቱ ጭን ላይ ተኝቶ አንገቱ ወደ ደረቱ ዘንበል ሲል፣ የልጅ ጉሮሮ ደግሞ ቀጭን ነው በዛች ዘንበል ብቻ ሊዘጋ ይችላል፣ እናትየው ደግሞ ተኛልኝ ብላ ነጠላዋን ታለብሰዋለች። የአሜሪካ ሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ለልጅ የሚያስተኛ መድኃኒት ቤት ተሰጥቶ አይሂድ የሚለው ለዚህ ነው።

አልጽፍም አልኳት። ለምን እንደሆነ አስረዳኋት፣ አልወደደችውም፣ ፊቷ ላይ ይታያል፣ እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አልወድም ነበር። ስልክ አነሣሁ። ሁለቴ አልተነሣም። በሦስተኛው ተነሣ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ አስተላለፉኝ፣ መጨረሻ ላይ አንድ የአኔስቴዥያ ባለሙያ አገኘሁ። የልጁን ክብደት፣ ጉንፋን እንደሌለው፣ ምንም መድኃኒት እንደማይወስድ ነገርኩት። "ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይበላ ይዛው ትምጣ፣ እዚሁ እኔ እሰጠዋለሁ" አለኝ፣ ስሙንም ነገረኝ። ስሙን ደብዳቤው ላይ ጻፍኩት፣ ከሥሩ ስልኬን።

እናትየው ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "ሳይበላ እንዴት አድርጌ ነው መንገዱን የምይዘው፣ ሲያለቅስብኝ ነው የሚሄደው" አለች። አዎ፣ ያለቅሳል አልኳት።